የኦትሴጎ ኮሮጆ

እስቲ ቀረብ በሉ። ኮሮጆ ሲሰረቅ ሰምታችኋል፤ ኮሮጆ ሲገለበጥማ ስንቴ! የዛሬው ኮሮጆ ግን አልተሰረቀም፣ አልተገለበጠም። በወጉ ታሽጎ፣ በሰላም ከመዳረሻው ደረሰ። ጣጣው የመጣው "ይህን ያስላከው ሹም ለመሆኑ ሹም ነው ወይ?" የተባለ ጊዜ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1792፣ አገሩ ኒውዮርክ ነው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ከተላቀቀች ገና ብዙ አልቆየችም። በኒውዮርክ የአገረ ገዥነት ወንበር ላይ ጆርጅ ክሊንተን የሚባል የጦር ሰው ተቀምጧል። መቼ ተቀመጠ? በ1777። በየሦስት ዓመቱ ምርጫ ይመጣል፣ ክሊንተን ያሸንፋል፤ አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። በ1789 ብቻ ወንበሩ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ያመለጠው በ429 ድምፅ ነበር።

እናም ተቃዋሚዎቹ ፌደራሊስቶች በ1792 ከባድ ሰው አመጡበት፦ ጆን ጄይ። የአሜሪካ የመጀመሪያው ጠቅላይ ዳኛ ነው። የኒውዮርክን ሕገ መንግሥት በአብዛኛው የጻፈውም እሱ ነው። ጄይ ምረጡኝ ብሎ አደባባይ አልወጣም፤ በዚያ ዘመን እንዲያ ማድረግ ነውር ነበር። በየግዛቱ እየዞረ ችሎት ያስችላል፣ ጭቅጭቁን ወዳጆቹ ይጨቃጨቁለታል። ባላጋራዎቹም ያሙታል፦ "ይህ ሰው ከተመረጠ ባሪያዎቻችንን ነፃ ያወጣብናል!" ጄይ በእርግጥ የባሪያ ነፃ አውጪ ማኅበር መሪ ነበር። ራሱም ባሪያዎች ነበሩት፤ የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ድምፅ የሚሰጠውም ሁሉም ሰው እንዳይመስላችሁ። አገረ ገዥ ለመምረጥ ከዕዳ የተረፈ የመቶ ፓውንድ ርስት ያለው ወንድ መሆን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ኦትሴጎ እንሂድ። ኦትሴጎ ገና በ1791 የተቋቋመች የዳር አውራጃ ናት፤ ጫካው እየተመነጠረ ሰው የሚሰፍርባት። የአካባቢው ጌታ ዊልያም ኩፐር ይባላል፦ መሬት ሻጭም እሱ፣ ዳኛም እሱ፣ አበዳሪም እሱ። የኩፐርስታውን ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። ኋላ በልብወለድ የታወቀው ጄምስ ፌኒሞር ኩፐር ያን ጊዜ የዚህ ሰው ሕፃን ልጅ ነበር። አባትየው ለጄይ ወገቡን ታጥቆ ተነሣ። ባለዕዳዎቹን አስፈራርቶ አስመርጧል ተብሎም ተከሷል። መሬቱን የሸጠልህ፣ የሚዳኝህም ያው ሰው ከሆነ፣ "እገሌን ምረጥ" ሲልህ ምን ትመልሳለህ?

በዚያን ጊዜ ሕግ ድምፁ አውራጃው ውስጥ አይቆጠርም። የአውራጃው ሹም፣ ሸሪፉ፣ አሽጎ ለግዛቱ ጸሐፊ ይልካል፤ ከሁለቱ ምክር ቤቶች ስድስት ስድስት የተውጣጡ 12 ሰዎች ይቆጥራሉ። ቆጣሪዎቹ ሥራቸውን ሲጀምሩ የሦስት አውራጃ ኮሮጆዎች ላይ ጥያቄ ተነሣ። የቲዮጋውን ይዞ የመጣው ምክትል መንገድ ላይ ታመመና ለሌላ ሰው አሳለፈው። ክሊንተን ከተባለችው አውራጃ የመጣውን ያደረሰው ሰው የጽሑፍ ውክልና አልነበረውም። የኦትሴጎ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ሸሪፉ ሪቻርድ ስሚዝ የሹመት ዘመኑ በየካቲት አልቋል። ተተኪው በመጋቢት ተሹሟል፣ ነገር ግን እስከ ግንቦት ቃለ መሐላ አልፈጸመም። ምርጫው የተደረገው በሚያዝያ፣ መሐል ላይ! አሮጌው ሄዷል፣ አዲሱ አልመጣም፤ ኮሮጆውን የላከው አሮጌው ነው። ሹመት የሚሰጠው ጉባኤ ሰብሳቢ ማን እንደነበር ልንገራችሁ? አገረ ገዥው ክሊንተን።

ቆጣሪዎቹ ሲቸገሩ ሁለቱን የኒውዮርክ ሴናተሮች ጠየቁ። ሩፎስ ኪንግ "ተተኪው እስኪምል ድረስ አሮጌው ሹም ነው፤ ይቆጠር" አለ። አሮን በር "ዘመኑ ያለፈበት ሰው ሸሪፍ አይባልም፤ አይቆጠር" አለ። አዎ፣ ኋላ የፌደራሊስቶቹን መሪ ሃሚልተንን በሽጉጥ የገደለው በር ራሱ ነው። ኪንግ ፌደራሊስት ነው፤ በር ደግሞ የክሊንተን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ያገለገለ ነው። ሁለት ሊቅ፣ አንድ ሕግ፣ ሁለት ፍርድ።

ድምፅ የሰጡት ቆጣሪዎችም በየወገናቸው ተሰለፉ፦ 7 ለ 4። የሦስቱ አውራጃዎች ድምፅ ተጣለ። የቀረው ተደመረ፦ ክሊንተን 8,440፣ ጄይ 8,332። ልዩነቱ 108 ድምፅ! ኦትሴጎ ብቻዋን ለጄይ ወደ 400 የሚጠጋ ብልጫ ትሰጣለች ተብሎ ይታመን ነበር። እንዳይረጋገጥ፣ ወረቀቱ በእሳት ተቃጠለ። የቆጣሪዎቹም ውሳኔ በሕግ የመጨረሻ ነው፣ ይግባኝ የለውም።

አገሩ ታመሰ። በየከተማው ስብሰባ ተጠራ፣ ጽዋ ተነሣ፣ ክሊንተን "ቀማኛ" ተባለ። ጄይ ወሬውን የሰማው ለችሎት ሲዞር ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሕዝቡ በየመንገዱ እየወጣ "የሕዝብ ድምፅ የመረጠው አገረ ገዥ" እያለ ተቀበለው። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ እሳት ይነሣ ነበር ባይ ነኝ። እሱ ግን ሕዝቡን "ተረጋጉ" አለ። ለሚስቱ ለሣራም ጻፈላት፦ ጥቂት ዓመት አልፎ ሁላችን አፈር ስንሆን፣ ግዛት ከመግዛቴ ይልቅ ራሴን መግዛቴ ይበልጥብኛል የሚል።

ሦስት ዓመት አለፈ። በ1795 ክሊንተን አልወዳደርም አለ። ጄይ ከእንግሊዝ ጋር ውል ሊዋዋል ባሕር ማዶ ሄዶ፣ ሳይኖር ተመረጠ! ከመርከብ ሲወርድ አገረ ገዥነቱ ጠበቀው፤ የጠቅላይ ዳኝነቱን ወንበር ተወ። በ1799ም ከዚያ በኋላ ከባሪያ እናት የሚወለዱ ልጆች ዕድሜ ሲደርሱ ነፃ እንዲሆኑ የሚደነግገውን ሕግ ፈረመ። የ1792ቱ ሐሜተኞች ነገሩን አልሳቱትም ነበር ማለት ነው።

በ1801 ጄይ በቃኝ ብሎ ወደ እርሻው ሄደ። ወንበሩ ላይ ማን ተቀመጠ አትሉኝም? ጆርጅ ክሊንተን።