ከዱቤ ደብተር ጀርባ፦ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ከሐምዳይት እስከ ገዳሪፍ

የመጽሔቱ አዘጋጆች እያንዳንዱ ቤተሰብ የመጣበትን ታሪክ እንዲጽፍ በጠየቁ ጊዜ እኛ ምን እንጽፋለን ብለን ማሰባችን አልቀረም። እንደምታውቁን ባለሱቆች ነን፤ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። የነገሥታቱንና የጦርነቱን ታሪክ የተማሩት ጽፈውታል። ሆኖም በቤታችን አንድ አሮጌ ደብተር አለ። ከፊት በኩል የዱቤ መዝገብ ሲሆን፣ ተገልብጦ ከኋላ ሲከፈት ደግሞ ልደት፣ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ኀዘን፣ ጉዞና በቤት ውስጥ የጠፋውና የተሰበረው ሁሉ ከነቀኑ ተጽፎበታል። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ደብተር ጀርባ የተውጣጣ ነው። ለማስተላለፍ የፈለግነውም አንድ ቁም ነገር ነው፤ ድንበር ላይ ለሚኖር ሰው የቤቱን ቀን መዝግቦ መያዝ ለልጆቹ ከሚያወርሰው ሀብት አንዱ መሆኑን ነው።

ሁለት ስም ያለው ወንዝ

ሐምዳይትን ላላዩ ልጆቻችን ጥቂት እንበል። ሐምዳይት በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላ ክፍለ ሀገር፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበሮች በሚገናኙበት አካባቢ የምትገኝ መንደር ናት። ከማዶ ሁመራና ኦምሐጀር አሉ። እኛ ተከዜ የምንለው ወንዝ ወደ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ተብሎ ይጠራል፤ ከዚያም ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይፈስሳል። በዚህ ወገን ያለው የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር የተወሰነው በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) በተፈረመው ውል ነው።

መሬቱ ዋልካ ነው። ክረምት ከገባ መኪና ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ የድንበር ባለሱቅ ስኳሩን፣ ሻዩን፣ ጨውን፣ ሳሙናውን፣ ክብሪቱንና የባትሪ ድንጋዩን ከሰኔ በፊት አስገብቶ መጨረስ አለበት። ደንበኛው ግን ገንዘብ የሚይዘው ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎና ተሸጦ ከኅዳር ወዲህ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የሚታለፈው በዱቤ ብቻ ነው። ደብተራችን የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

ተሻገርን

አባታችን ከጎንደር ወደ ሁመራ የወረዱት ለሰሊጥ ሥራ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) ጦር ሁመራንና መተማን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የደርግ ጦር መልሶ ያዛቸው። በዚህ መካከል ሕዝቡ ወደ ሱዳን ጎረፈ፤ እኛም ገና ልጆች ሳለን አብረን ተሻገርን። በደብተሩ ጀርባ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሰኔ 1969 ዓ.ም. ተሻገርን። የጠፋ፦ አንድ ምጣድ፣ አንድ ፍየል።» ጽሑፉ የታላቅ ወንድማችን ነው። እናታችን ፊደል አልቆጠሩም ነበር፤ ነገር ግን «ይህን ጻፍ» እያሉ የሚያዙት እሳቸው ነበሩ።

አባታችን በሐምዳይት ራኩባ ሠርተው ሱቅ ከፈቱ። ምጣዱ ስለጠፋ ሐጃ እያልን የምንጠራቸው ሱዳናዊት ጎረቤታችን ኪስራ የሚጋግሩበትን ዶካ አዋሱን። ጤፍ በአካባቢው አልነበረምና እናታችን ፈተሪታ በሚባለው የሱዳን ማሽላ ሞከሩ። የመጀመሪያው እንጀራ ዶካው ላይ ተጣብቆ ቁርጥራጩ ብቻ ወጣ። ያን ቀን እራታችንን በማንኪያ በላን። በኋላ ሐጃ እራሳቸው መጥተው ሊጡ ምን ያህል መቅጠን እንዳለበት አሳዩ። እናታችንም በፈንታው ቡና አፍልተው አጠጧቸው። ሐጃ ግን ዝንጅብል የሌለበት ቡና አይጥማቸውም ነበርና ከዚያ ወዲህ በቤታችን ዝንጅብል ጠፍቶ አያውቅም።

7 ዓመት በአንድ መስመር

ታናሽ እህታችን በጥቅምት 1974 ዓ.ም. ተወለደች። በደብተሩ ላይ ከስሟ ጎን «ሰሊጥ ሲታጨድ፣ አዋላጅ ሐጃ» የሚል አለ። በኋላ የስደተኛ ወረቀት ሲሠራላት አንድ መዝጋቢ አባታችን የነገሩትን «1974» እንዳለ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፈው። ትክክለኛው 1981 ነበር። በዚህች አንድ መስመር ልጅቷ 7 ዓመት አረጀች።

በመጀመሪያ ነገሩ መሳቂያ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ስትገባ በቁመቷ የሰባት ዓመት፣ በወረቀቷ ግን የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። አስተማሪው የፊት ጥርሷ ገና መነቃቀሉን አይተው ሳቁና አስገቧት። ነገሩ መራራ የሆነው በ1992 ዓ.ም. ነው። ውጭ አገር የነበረው ታላቅ ወንድማችን ሊወስዳት ማመልከቻ ሲያስገባ እሷ 18 ዓመቷ ነበር፤ ወረቀቷ ግን 25 ይላል። ለጥገኛ እህት የተፈቀደውን ዕድሜ አልፋለች ተብላ ጉዳዩ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነበር የዱቤ ደብተሩ ቅጂ፣ ከክርስትና እናቷ ምስክርነትና ከሐጃ ቃል ጋር ተያይዞ የቀረበው። የሱቅ ደብተር ሕጋዊ ማስረጃ አይደለም ቢባልም፣ ከፊቷና ከኋላዋ የተጻፉት መስመሮች በቀለምም በዓመትም መከታተላቸው ታየ። ሦስት ዓመት ፈጅቶ ወረቀቷ ተስተካከለ።

ሂሳብ የሌለው ስኳር

የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በዚያ ዓመት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። ወድ ከውሊ፣ ኡም ራኩባ፣ ወድ ሸሪፌ የሚባሉት ስሞች በዓለም ዜና የተሰሙት ያን ጊዜ ነው። በዚሁ ዓመት ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊትም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትግራይ ገበሬዎች ዘር ለመዝራት በእግራቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የመጨረሻው ወንድማችን የተወለደው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ነው። ከልደቱ በታች «አንድ ጆንያ ስኳር፣ ሂሳብ የለውም» ተብሎ ተጽፏል። እናታችን በአራስ ቤት ሳሉ ለሚያልፉት እናቶች በሻይ እንዲበጠበጥ ያደረጉት ስኳር ነው። አባታችን በዱቤው ገጽ ሊያስመዘግቡት ፈልገው «በማን ስም?» ብለው ጠየቁ። መልስ ስላልተገኘ በጀርባው ተጻፈ። በዓመቱ ሱቁን ለአጎታችን ትተን ወደ ገዳሪፍ ገባን።

ዲናርና ሰዓት

ገዳሪፍ የእህል ከተማ ናት፤ ማሽላና ሰሊጥ የሚገበያዩባት። ንግዳችን ቢሻሻልም ሁለት ነገር ግን ብዙ አስቸግሮናል፤ ገንዘብና ሰዓት።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሱዳን ዲናርን አወጣች፤ 1 ዲናር 10 ፓውንድ ነበር። ሕዝቡ ግን ዓመታት አልፈውም በፓውንድ መጥራቱን አልተወም። በ1987 ዓ.ም. ታላቅ እህታችን ስትዳር አጎታችን ከሐምዳይት መጥተው በሬ ሊገዙ ገበያ ወጡ። ነጋዴው በፓውንድ ሲጠራ እሳቸው በዲናር ሰሙት፤ ዋጋው 10 እጥፍ ሆነባቸው። ሁለት ቀን ሙሉ «ገዳሪፍ አብዳለች» እያሉ ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሠርጉ በበግ ተደገሰ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ አዲሱ ፓውንድ ሲመጣና 100 ዲናር በ1 ፓውንድ ሲለወጥ፣ በሱቃችን ደንበኛው በሦስት ዓይነት ስሌት ይጠራ ነበር። አጎታችን ያን ጊዜ ከመግዛታቸው በፊት «በየትኛው?» ብለው መጠየቅ ለምደው ነበር።

የሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጥር 6 ቀን 1992 ዓ.ም. ሱዳን ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፋች፤ ከኢትዮጵያም ጋር እኩል ሆነች። ከተራ ሊደርስ አራት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። አባታችን የእጅ ሰዓታቸውን ምንጊዜም በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚሞሉት፤ ስለዚህ በልባቸው የሚቀንሱት ስሌት ተዛባባቸው። ጥምቀትን ካርቱም ካሉ ዘመዶች ጋር ሊያከብሩ ነጭ ለብሰው ከመናኸሪያው ሲደርሱ አውቶቡሱ ከሄደ አንድ ሰዓት ሆኖት ነበር። በደብተሩ «በመንግሥት ሰዓት ምክንያት ጥምቀት ገዳሪፍ ተከበረ» ብለው አስጻፉ። ሱዳን ያችን አንድ ሰዓት መልሳ የወሰደችው ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። አባታችን ግን ያን ሳያዩ በ1996 ዓ.ም. አርፈዋል።

መሄድና መቅረት

በዚያው በ1992 ዓ.ም. ለኅብረተሰባችን ትልቁ ጉዳይ መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1991 በፊት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት መብት ከየካቲት 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲያበቃ አደረገ። ያሰደዳቸው መንግሥት ወድቋል፣ ስለዚህ መመለስ ይችላሉ ማለት ነው። ከዚያ በፊትም ብዙ ቤተሰቦች ተመልሰው እንደ አዳባይ፣ ራውያንና ማይ ካድራ ባሉ ቦታዎች ሰፍረው ነበር።

በቤታችን ሦስት ሌሊት ተመካከርን። ታላቅ እህታችን ባሏን ተከትላ ካርቱም ነበረች። ከወንድሞቻችን ሁለቱ ወደ ጎንደር ለመመለስ ወሰኑ። እኛ ሱቁንና ወላጆቻችንን ይዘን ቀረን። ለመሄድም ለመቅረትም ግን ጥያቄው አንድ ነበር፦ መቼ መጣችሁ? ልጆቹ መቼ፣ የት ተወለዱ? ብዙ ጎረቤቶቻችን «በኢዲዩ ጊዜ»፣ «በድርቁ ዓመት» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ወደ ሱቃችን እየመጡ በዱቤው ገጽ ስማቸው መጀመሪያ የተጻፈበትን ቀን ያስፈልጉ ነበር። ለጨውና ለክብሪት የተጻፈ ቀን የሰው የመግቢያ ቀን ሆኖ አገለገለ።

ሐምዳይት እንደገና

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰው በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል መግባት ጀመረ። እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ከ50,000 በላይ ሆነ። በሐምዳይት ለጥቂት መቶ ሰዎች የታሰበው መቀበያ በሺዎች ተጨናነቀ፤ ከ20 ዓመት በፊት ተዘግቶ የነበረው ኡም ራኩባም እንደገና ተከፈተ። እኛ የጫንነውን ዱቄትና ሳሙና ይዘን ስንወርድ ያየነው ሕዝብ የተሻገረው በልጅነታችን የተሻገርነውን ያንኑ ወንዝ ነው።

የአጎታችን ልጅ ያን ጊዜ ሱቁን ይዞ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶቿን ቀይራ ለመለወጫ ሦስት ወር ብቻ ሰጥታ ስለነበር፣ አንዳንዶች በመቀነታቸው ይዘው የተሻገሩት አሮጌ ብር ቀኑ ሊያልፍበት ተቃርቦ ነበር። እሱም ብሩን አልተቀበለም። «ያዙት፤ ስማችሁንና የመጣችሁበትን ቀን ብቻ ስጡኝ» እያለ አዲስ ገጽ ከፈተ። በዚያ ገጽ ካሉት ስሞች ብዙዎቹ በኋላ ከፍለዋል። ያልከፈሉትን አልሰረዝናቸውም፤ አንድ ቀን ለልጆቻቸው ሊያስፈልግ ይችላልና።

የፋሲካው ዋዜማ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የረመዷንን የመጨረሻ ቀናት እየጾሙ ነበር። ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ሳለ ካርቱም ውስጥ ጦርነት መጀመሩ ተሰማ። ታላቅ እህታችን በስልክ የነገረችን «ዶሮውን ጥለን መሬት ላይ ተኝተናል» ብላ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከነልጆቿና ከነልጅ ልጆቿ ገዳሪፍ ደረሰች፤ ከዚያም በገላባት አድርገው መተማ ገቡ። ካርቱም የተወለዱት ሕፃናት ወረቀት በተዘጋ ቤት ውስጥ ቀረ። እኛም የደብተሩን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንስተን የልደትና የክርስትና ቀናቸውን ላክን። ከ46 ዓመት በፊት እናቷ ምጣዳቸውን ጥለው የተሻገሩ ሴት፣ አሁን ቤቷን ጥላ በሌላው አቅጣጫ ተሻገረች።

ለልጆቻችን

ከዚህ ሁሉ የተማርነውን በአጭሩ እናስቀምጥ። ልደትና ክርስትና ሲጻፍ ምንጊዜም በሁለቱ አቆጣጠር ይጻፍ፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውም አይቅር። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በአብዛኛው 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ቦታው፣ አዋላጇና የክርስትና አባት ወይም እናት አብረው ይጻፉ። አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። እናቶችና አያቶች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ የእኛ እናት በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ያስጻፉት 35 ዓመት ቀርቶልናል። ማኅበራችንም ለየቤቱ አንድ መዝገብ ቢያሰናዳ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ትልቅ ስጦታ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ታላቅ እህታችን አሁን ጎንደር ናት። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጇ ስትወለድ ገና አራስ ቤቱ ሳይወጣ ደውላ «ጻፉ» አለችን። ጻፍን፤ በሁለቱም አቆጣጠር።

ማኅበራችንን ያጽናልን፤ ለሁለቱም ሕዝቦች ሰላሙን ያውርድልን። ቸር ይግጠመን።