የስማርት ቁልፍና የቦዲ ኤሌክትሮኒክስ ብልሽት ምርመራ

ይህ ምርመራ ስማርት ቁልፍ ያለው መኪና በሩ አልከፈት ሲል ወይም ፑሽ ስታርቱን ሲጫኑት ዝም ሲል፣ ጥፋቱ ከቁልፉ፣ ከአንቴናው፣ ከባትሪው፣ ከሽቦው ወይም ከመኪናው ኮምፒዩተሮች ከየትኛው እንደመጣ በቅደም ተከተል ለይቶ የማግኘት ሥራ ነው። ቦዲ ኤሌክትሮኒክስ የሚባለው ሴንትራል ሎክን፣ መስኮትን፣ የዝናብ መጥረጊያን፣ መብራትንና ክላክስን የሚያዝዘው ክፍል ሲሆን፣ ዋናው ኮምፒዩተሩ ቢሲኤም ይባላል።

በጋምቤላ ክልል አኝዋሃ ዞን፣ የአልዌሮ ግድብ ባለበት በአቦቦ ወረዳ፣ ይህ ሙያ የራሱ ክብደት አለው። አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ጋምቤላ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። አገሩ ቆላ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስን ይሻገራል፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናብና ጭቃ ይፈራረቃሉ። በተራ ቁልፍ የሚከፈቱት የቆዩ ላንድክሩዘር ሀርድቶፖች የስማርት ቁልፍን ችግር አያውቁትም። ስማርት ቁልፍ ያላቸው አዳዲስ መኪኖች ግን ያውቁታል፤ የተሳሳተ ምርመራም እዚህ ዋጋው ከከተማ ይበልጣል፤ ያለ ጥፋቱ የተቀየረ ቢሲኤም ከሩቅ ተገዝቶ፣ ተጓጉዞ፣ በመጨረሻም ፕሮግራም የሚያደርግ ማሽን የሚፈለግለት ዕቃ ነውና።

አሠራር

ባለቤቱ የበሩን እጀታ ሲነካ፣ እጀታው ውስጥ ያለው አንቴና በ125 ወይም በ134 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ደካማ ሞገድ ይለቃል። ሞገዱ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይደርሳል። ቁልፉ ይህን ሰምቶ በ315 ወይም በ433.92 ሜጋ ኸርዝ ምስጢራዊ ኮድ ይመልሳል፤ የመጀመሪያው በጃፓን፣ ሁለተኛው በአውሮፓ ገበያ መኪኖች የተለመደ ነው። ኮዱ ትክክል ከሆነ ኮምፒዩተሩ የበሩን ሞተር ያዝዛል። ፑሽ ስታርት ሲጫን ደግሞ መኪናው ውስጥ ያሉ አንቴናዎች ቁልፉን እንደገና ይፈልጋሉ፤ መሪ መቆለፊያው፣ ኢሞቢላይዘሩ (ያልታወቀ ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክለው ክፍል) እና የሞተሩ ኮምፒዩተር እርስ በርስ ካልተስማሙ ሞተሩ አይነሳም።

ይህ ስምምነት የሚደረገው በሽቦ ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ያደረገው ካን ባስ በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ብዙ ኮምፒዩተሮችን ያነጋግራል። መስኮትና መስታወትን የመሳሰሉ ቀላል ሥራዎች ሊን በሚባል አንድ ሽቦ ይታዘዛሉ። ስለዚህ «ቁልፉ ተበላሸ» የተባለው መኪና ብዙ ጊዜ ቁልፉ ደኅና ነው፤ የተበላሸው ቁልፉና ሞተሩ መካከል ያለ አንድ መገናኛ ነው።

ምርመራ

ምርመራው በርካሹ ይጀምራል። በስማርት ቁልፉ (በሪሞቱ) ሆድ ያለው ሜካኒካል ቁልፍ በሩን ከከፈተ፣ ሪሞቱን ፑሽ ስታርቱ ላይ አስጠግተው ሲጫኑም ሞተሩ ከተነሳ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሪሞቱ ባትሪ ነው፤ ቁልፉ ውስጥ ያለው የኢሞቢላይዘር ቺፕ ያለ ባትሪ ይሠራል። ትንሿ ባትሪ ባብዛኛው ባለ 3 ቮልት ናት፤ በቴስተር ጥሩ ቮልት እያሳየች ሥራ ላይ ልትደክም ስለምትችል በአዲስ መቀየር ፈጣኑ ፍርድ ነው። የሪሞቱ በተን እየሠራ እጀታው ብቻ እምቢ ካለ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ነጻ ነው፤ የእጀታው ሴንሰር፣ አንቴናው ወይም ሽቦው ይታይ። መኪናው አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ በአቅራቢያው ያለ ሬዲዮ ማሰራጫ፣ ወይም ሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካ ርካሽ ቻርጀር ሞገዱን እየረበሸ ይሆናል።

ቀጥሎ የመኪናው ባትሪ ይለካል። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ላይ ግማሽ ሆኗል። ደካማ ባትሪ ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ይወርድና ኮምፒዩተሮቹ እየተቋረጡ የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ስካነር በኮድ ይሞሉታል። ዩ በሚል ፊደል የሚጀምሩ ኮዶች የግንኙነት መቋረጥን ይናገራሉ፤ ለምሳሌ ዩ0100 ከሞተሩ ኮምፒዩተር፣ ዩ0140 ከቢሲኤም ጋር ንግግር መቋረጡን። ኮዱ የጠፋውን ይጠቁማል እንጂ ጥፋተኛውን አይፈርድም። ባትሪውን ሞልቶ፣ ኮዶቹን አጥፍቶ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ብቻ መከታተል ብዙ ድካም ያድናል።

ዳሽቦርዱ ላይ ብዙ መብራት በአንድ ጊዜ ከበራና ስካነሩ ከብዙ ኮምፒዩተሮች ጋር ካልተገናኘ፣ ከኮምፒዩተሮቹ በፊት ፊውዝ፣ ግራውንድና ካን ባስ ይጣራሉ። እዚህ ጋ ውድ ማሽን ሳይኖር ተራ ቴስተር ትልቅ ሥራ ይሠራል። የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታና ስካነሩ በሚሰካበት በዳያግኖስ ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ እግሮች መካከል ሬዚስታንስ ይለካል። በካን ባሱ ሁለት ጫፎች ላይ 120 ኦም ሬዚስተሮች ስላሉ ደኅናው ንባብ 60 ኦም ያህል ነው። 120 ካሳየ አንዱ ጫፍ ተቋርጧል፤ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። በሶኬቱና በቢሲኤሙ መካከል ጌትዌይ (መስመሮቹን ለይቶ የሚያገናኝ ኮምፒዩተር) ባለበት መኪና ግን ይህ ልኬት የቦዲውን መስመር ስለማያሳይ በራሱ በቢሲኤሙ ሶኬት ላይ መለካት ያስፈልጋል። ሽቦዎቹ ከተነካኩ ኮምፒዩተሮቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ንባቡ ወደ ደኅና ሲመለስ የተነቀለው ወይም ወደሱ የሚሄደው ሽቦ ተይዟል።

ሽቦ የሚሰበርበት ቦታም ይታወቃል። በበሩና በምሰሶው መካከል ያለውን የላስቲክ ቱቦ ሲገፉት ውስጡ በየቀኑ መከፈትና መዘጋት የሚታጠፉ ሽቦዎች አሉ። ከላይ ልባሳቸው ሙሉ ይመስላል፤ በጣት ቀስ ብለው ሲስቡት እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ውስጡ መዳቡ የተቆረጠ ነው። በቆላው ዝናብ ወቅት ሌላው ተጠርጣሪ ውሃ ነው። ምንጣፉ ሥር የገባ ውሃ ኮኔክተር ውስጥ ሲቆይ እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል፤ መኪናው ማለዳ እምቢ ብሎ ቀን ሲሞቅ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው ይኸው ነው። በኮንታክት ማጽጃ ይጸዳል፤ ቤንዚን የኮኔክተሩን ጎማ ስለሚያበላሽ አይመከርም።

ባትሪ የሚያልቅበት መኪና

መንገድ በዝናብ ተበላሽቶ ለቀናት የቆመ መኪና ባትሪው አልቆ ሲገኝ፣ ኮምፒዩተሮቹ መተኛታቸው ይመረመራል። መኪናው ተቆልፎ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ከቆየ በኋላ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ባብዛኛው ከ50 ሚሊ አምፔር በታች መሆን አለበት። ግማሽ አምፔር የሚጠጣ ከሆነ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ90 ሰዓት ባዶ ይሆናል። በኋላ የተጨመረ ጂፒኤስና አላርም በቅድሚያ ይነቀል። ቁልፉ መኪናው አጠገብ ባለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሆነም መኪናው እየተቀሰቀሰ ያድራል፤ ጥቂት ሜትር ማራቅ ብቻ ይበቃል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በአገሪቱ እየበዙ ነው። እነሱም በራቸውን የሚከፍቱት በትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እሷ ካለቀች መኪናው እንደ ሞተ ይቆጠራል። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ሽቦ ከፍተኛ ቮልት ስለሚያስተላልፍ ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካው።

ሁሉም ቁልፎች ሲጠፉ አዲስ ቁልፍ ማስተዋወቅ ልዩ ማሽን ይጠይቃል። ሁለተኛውን ቁልፍ ከመኪናው ርቆ አስተማማኝ ቦታ ማስቀመጥ፣ መኪናው ላይ ብየዳ ከመጀመሩም በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት ለአቦቦ ባለ መኪና ረጅም ጉዞ ያስቀራል።