ሂፓ

ሂፓ በአሜሪካ የታካሚዎችን የሕክምና መረጃ ምስጢር ለመጠበቅ የሚያገለግል የፌዴራል ሕግ ነው። ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ሲሆን፣ ሙሉ መጠሪያው በአማርኛ «የጤና መድን ተዛዋሪነትና ተጠያቂነት ሕግ» እንደ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት ኦገስት 21 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

ከስሙ እንደሚታየው የሕጉ ዋና መነሻ ምስጢር አልነበረም፤ ሠራተኛ ሥራ ሲቀይር የጤና መድኑን እንዳያጣ ታስቦ የወጣ ነው። የምስጢሩን ጉዳይ ኮንግረስ በ3 ዓመት ውስጥ ራሱን በቻለ ሕግ ሊወስን ለራሱ ቀነ ገደብ ሰጥቶ ነበር። ሕጉ ሳይወጣ ጊዜው ስላለፈ፣ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት በ2000 ደንብ አወጣ፤ አብዛኞቹ ተቋማትም ከኤፕሪል 14 ቀን 2003 ጀምሮ እንዲያከብሩት ተገደዱ። በመሥሪያ ቤት የወጣ ደንብ በሌላ ደንብ ሊሻሻል፣ በፍርድ ቤትም ሊሻር ይችላል። የቅርብ ዓመታቱ ክርክር አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ማንን ያስገድዳል

ብዙ ሰው ሂፓ የጤና መረጃን በማንም እጅ ቢገኝ የሚጠብቅ ይመስለዋል። ሕጉ ግን የሚያስገድደው የተወሰኑ ተቋማትን ነው፤ እነርሱም የጤና መድን ድርጅቶች፣ ሂሳባቸውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚልኩ ሐኪሞች፣ ሆስፒታሎችና ፋርማሲዎች፣ በመካከል ሆነው የክፍያ ጥያቄዎችን የሚያስተላልፉ ድርጅቶች፣ እንዲሁም ለእነዚህ በውል የሚሠሩ አጋሮች ናቸው። አንድ ሰው ክሊኒክ ውስጥ የተለካው የደም ግፊት በሂፓ ይጠበቃል፤ ያንኑ ቁጥር ራሱ በስልኩ መተግበሪያ ላይ ቢመዘግበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሂፓ ውጪ ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም ልዩነቱ በአስተርጓሚ ምርጫ ላይ ይታያል። ሆስፒታሉ የመደበው አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ታካሚው ይዞት የመጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ግን በሂፓ አይገደድም።

ታካሚ የራሱን መዝገብ ቅጂ የመጠየቅ መብት አለው፤ ተቋሙም በመደበኛው አሠራር በ30 ቀን ውስጥ መስጠት ይኖርበታል። ምስጢሩ የወጣበት ሰው ግን በሂፓ ስም በቀጥታ መክሰስ አይችልም። አቤቱታውን የሚያቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሲቪል መብቶች ቢሮ ነው።

ከሂፓ ውጪ ያለው መረጃ

ይህን ክፍተት በከፊል የሚሸፍነው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በ2009 ያወጣውን የጤና መረጃ መጣስ ማሳወቂያ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ ያዋለው በ2023፣ ጉድአርኤክስ በተባለው የመድኃኒት ቅናሽ አገልግሎት ላይ ነው። ድርጅቱ የደንበኞቹን መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል የማስታወቂያ ሥራ አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ተከሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ግዛት ከሂፓ ውጪ ያለውን የጤና መረጃ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ፤ ይህ ሕግ ግለሰቦች ራሳቸው እንዲከሱ መንገድ ስለሚከፍት ከሂፓ ይልቅ ጠንካራ ነው ሊባል ይችላል።

የ2024ቱ ጥቃት

በሂፓ መገደድ ብቻውን መረጃን እንደማያድን በፌብሩዋሪ 2024 ታየ። ቼንጅ ሄልዝኬር በሆስፒታሎች፣ በፋርማሲዎችና በመድን ድርጅቶች መካከል የክፍያ ጥያቄዎችን የሚያስተላልፍ ድርጅት ነው። ሰርጎ ገቦች በተሰረቀ የይለፍ ቃል፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ በማይጠይቅ በር ገብተው ኮምፒውተሮቹን ቆለፉ። ፋርማሲዎች የደንበኞቻቸውን መድን ማረጋገጥ አቃታቸው፤ ትንንሽ ክሊኒኮች ለሳምንታት ገቢያቸው ተቋረጠ። የድርጅቱ ባለቤት ዩናይትድሄልዝ 22 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ ከፈለ፤ ሆኖም የሰዎቹ መረጃ ከመሰረቅ አልዳነም። የተጎዱት ወደ 190 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ከጊዜ በኋላ ተገለጸ፤ ይህም በአሜሪካ የጤና መረጃ ታሪክ ትልቁ ስርቆት ነው።

በጃንዋሪ 2025 መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ማረጋገጫንና መረጃን በኮድ መቆለፍን ግዴታ የሚያደርግ ረቂቅ ደንብ አሳተመ። እስከዚያ ድረስ በኮድ መቆለፍ ተቋሙ ምክንያቱን ጽፎ በሌላ ዘዴ ሊተካው የሚችል እርምጃ ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ መረጃ እጅግ ላላ ያለ አሠራር ነው።

የተሻረው ደንብ

ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2022 ለጽንስ ማቋረጥ የነበረውን ሕገ መንግሥታዊ ጥበቃ ካነሣ በኋላ፣ የሕክምና መዝገብ ለምርመራና ለክስ ማስረጃ ይሆናል የሚል ስጋት ተነሣ። መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2024 ባወጣው ደንብ፣ ሕክምናው በተሰጠበት ቦታ ሕጋዊ ከሆነ መዝገቡ ታካሚውን ወይም ሐኪሙን ለመመርመር ተላልፎ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ አንዳንድ ጠያቂዎችም ለተከለከለ ዓላማ አለመፈለጋቸውን ፈርመው እንዲያረጋግጡ አዘዘ። በቴክሳስ አንዲት ሐኪም ባቀረቡት ክስ ግን የፌዴራል ዳኛ ማቲው ካዝማሪክ፣ መሥሪያ ቤቱ ከተሰጠው ሥልጣን አልፏል በማለት ጁን 18 ቀን 2025 ደንቡን በአገር አቀፍ ደረጃ ሻሩት።

የቀድሞው የምስጢር ደንብ ግን እንደጸና ነው። በእርሱ መሠረት ተቋማት የፍርድ ቤት ትእዛዝን የመሰለ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብላቸው መዝገብ ለሕግ አስከባሪዎች እንዲሰጡ ይፈቀድላቸዋል፤ የሚሰጡትም ትእዛዙ በግልጽ የጠቀሰውን ብቻ ነው።