ከዲስኩ ጎን ያለው ሥጋ፦ የጀርባ ጡንቻና የታችኛው አከርካሪ መጎሳቆል፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ደሴ ውስጥ ወገቡን የሚያመው ሰው፣ ከሆጤም ይምጣ ከሰኞ ገበያ፣ ኤምአርአይ ተነስቶ ከሆነ ሕመሙን የሚናገረው በአንድ ቃል ነው፤ «ዲስክ ነው ተባልኩ» ይላል። ውጤቱ ላይ የተጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል፣ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ የመጨረሻው አከርካሪ ከዳሌ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ዲስክ ውሃው ቀንሷል፣ ወደ ኋላ ገፍቷል፣ ነርቭ ነክቷል። በዚያው ፊልም ላይ ግን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ የሥጋ ክምችቶች ይታያሉ። ጤነኛ ጡንቻ ጠቆር ብሎ ይወጣል፤ የመነመነውና ስብ የገባበት ደግሞ በነጭ ጭረቶች ተከፋፍሎ ይታያል። ስለዚህ ሥጋ በውጤቱ ላይ አንድ መስመር ሲጻፍ ማየት ብርቅ ነው። ይህ ዝምታ ታካሚውን እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ያረጀ ዲስክ ወደ ወጣትነቱ አይመለስም፤ ጡንቻ ግን በሥራ ይለወጣል።

ዲስክ ብቻውን ሕመሙን ለማስረዳት እንደማይበቃ ማስረጃው ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ብሪንጂክጂና ባልደረቦቹ ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች የመረመሩ 33 ጥናቶችን አንድ ላይ አጠናቅረው ነበር። የዲስክ መጎሳቆል ከ20 ዓመት ወጣቶች በ37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን በ96 በመቶው ላይ እንደሚታይ ገመቱ። ስለዚህ አንድን የ50 ዓመት ሰው «ዲስክህ አርጅቷል» ማለት ፀጉሩ መሸበቱን ከመንገር ብዙም አይርቅም።

ጡንቻው የሚሠራው ሥራ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ክሪስኮና ባልደረቦቹ ጡንቻው ተገፎ ጅማቱ ብቻ የቀረለትን የወገብ አከርካሪ ከላይ ሲጫኑት፣ ወደ 90 ኒውተን ገደማ ላይ ታጠፈ። ይህ ዘጠኝ ኪሎ ያህል ነው። በውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከዚህ እጥፍ ይበልጣል፤ በደሴ ዳገት ላይ ይህን ጀሪካን በገመድ አዝላ የምትወጣ ሴት ደግሞ የራሷም የላይኛው አካል ክብደት አለባት። አጥንቱ ቆሞ የሚገኘው ጡንቻው ሁልጊዜ እየጠበቀ ስለሚይዘው ነው። ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው መልቲፊደስ የሚባለው፣ ከአከርካሪው ጋር ተጣብቆ አንዱን አጥንት ከሌላው የሚያያይዘው ጥልቅ ጡንቻ ነው።

ታዲያ የቱ ይቀድማል? የጡንቻው መድከም ዲስኩን ያበላሻል ወይስ የዲስኩ ጉዳት ጡንቻውን ያመነምናል? ለሁለተኛው አቅጣጫ ያለው ማስረጃ የበለጠ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ፖል ሆጅስና ባልደረቦቹ በአሳማዎች ላይ ዲስኩን ሆን ብለው ሲያቆስሉ መልቲፊደስ በሦስት ቀን ውስጥ መነመነ። ቀደም ሲል አውስትራሊያዊቷ ጁሊ ሃይድስ ለመጀመሪያ ጊዜ በወገብ ሕመም የተያዙ 39 ሰዎችን በአልትራሳውንድ ተከታትላ፣ ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም ጡንቻው በራሱ ጊዜ እንደማያገግም አሳየች። ይህ ግኝት ትልቅ ነገር ነው። ሰውየው «ተሽሎኛል» ብሎ ወደ ሥራው ሲመለስ ጠባቂው ጡንቻ አልተመለሰም። ለዚያ ጡንቻ የታለመ እንቅስቃሴ ከሠሩት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 30 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልሠሩት ግን 84 በመቶ ነበሩ። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ፍርድ አልወስደውም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የዘር ድርሻም አይካድም፤ በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከዲስክ መጎሳቆል ትልቁ ክፍል ከከባድ ሥራ ይልቅ በውርስ እንደሚብራራ አሳይተዋል።

እዚህ ላይ የወሎ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ያነሳል። እንጨት፣ ውሃና እህል ሲሸከም የኖረ ሕዝብ ጡንቻው ጠንካራ መሆን አልነበረበትም ወይ? ለምን ታዲያ «ወገቤ ተቆረጠ» የሚለው ይበዛል? አንዱ ምክንያት የማጎንበስ ባሕርይ ነው። በ1950ዎቹ ፍሎይድና ሲልቨር እንዳሳዩት፣ ሰው ሙሉ በሙሉ ሲያጎነብስ የጀርባ ጡንቻዎቹ ሥራ ያቆማሉ፤ ሸክሙ በጅማትና በዲስክ ላይ ይንጠለጠላል። ጉልበቷን ሳታጥፍ አጎንብሳ ልብስ የምታጥብ ሴትና ማጭድ ይዞ የሚያጭድ ገበሬ ለረጅም ሰዓት የሚቆዩት በዚህ ሁኔታ ነው። ማክጊልና ብራውን ሰዎችን ለ20 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ አስጎንብሰው ሲለኩ፣ የላላው ጅማት ከ30 ደቂቃ ዕረፍት በኋላም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። እጥበቱ አልቆ ወዲያው ባልዲ ማንሳት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በሶላት ሩኩዕ ጊዜ ጀርባን አስተካክሎ ማጎንበስ ግን ከዚህ ይለያል፤ ጡንቻው ሳይተኛ ይሠራል።

በኮምቦልቻ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. በተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ጎንበስ ብላ ፈረቃዋን ሙሉ ትቀመጣለች። ጡንቻዋ ሳያርፍም ሳይጠነክርም ይውላል። ሸክምና ስፌት ሁለቱም ልፋት ናቸው፤ ጡንቻን የሚገነባው ግን ቀስ በቀስ እየጨመረ ዕረፍት የሚሰጠው ሥራ ነው።

ሕመምተኛው በበኩሉ ወይ ይተኛል፣ ወይ ወጌሻ ዘንድ ይታሻል፣ ወይ ከፋርማሲ የወገብ ቀበቶ ይገዛል። መታሸት ለጊዜው ያቀላል፤ ቀበቶን ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም አይመክረውም፤ የሚመክረው እንቅስቃሴን ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የእግር መዛል ያለበት ሰው ግን ለእንቅስቃሴ ሳይሆን በቶሎ ለምርመራ መላክ አለበት። የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን ዛሬም አለ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘርፈው ነበር። ስለዚህ ለጀርባ ጡንቻ ጽናት አልጋና ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ መለኪያ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ዴንማርካዊው ቢሪንግ-ሶረንሰን በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳወቀው ፈተና ሰውየው በደረቱ ይተኛል፣ እግሩ ይታሰራል፣ ከዳሌው በላይ ያለው አካሉ ከአልጋው ጫፍ ወጥቶ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ጣሪያው 240 ሰከንድ ነው። ከወንዶቹ መካከል ረጅም ጊዜ መቆየት የቻሉት በቀጣዩ ዓመት በወገብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ነበር። ይህ ፈተና በጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ነው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ሁለቱ ተባብረው አዲስ የሚቀጠሩ የስፌት ሠራተኞችን በመጀመሪያው ሳምንት በዚህ ፈተናና በአልትራሳውንድ ቢለኩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ቢደግሙት፣ ጡንቻው የሚመነምነው ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ይሁን በኋላ ከራሳችን ሠራተኞች ጀርባ ላይ ይነበባል።