ከጡት ማስጣያ ወደ ተጨማሪ ምግብ፦ የአንድ ስያሜ ታሪክ

ሕፃን ከእናቱ ጡት ወደ ቤተሰቡ ገበታ የሚሸጋገርበት ወቅት ከዕድሜው ሁሉ እጅግ አስጊ ከሆኑት አንዱ ነው። ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በዛሬይቱ ጋና ሲሠሩ፣ ሰውነታቸው ያበጠና ቆዳቸው የተላላጠ ሕፃናትን ሁኔታ በ1933 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ገለጡ። በ1935 ደግሞ የጋ ሕዝብ ለበሽታው ያወጣለትን «ክዋሺኦርኮር» የተባለ ስም ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። ትርጓሜውም ታናሽ ሲወለድ ከጡት የተገፋውን ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። እንግዲህ የበሽታውን ምክንያት ከሐኪሞች አስቀድሞ ሕዝቡ ተገንዝቦት ነበር ማለት ነው።

በአገራችንም ጡት የጣለ ልጅ ድርሻው በአብዛኛው ቀጭን አጥሚት ወይም በወጥ የራሰ እንጀራ ነበር። አጥሚቱ ውኃው በዝቶ እህሉ ስለሚያንስ፣ የሕፃኑም ጨጓራ ጠባብ በመሆኑ፣ ሆድ ይሞላል እንጂ ለዕድገት አይበቃም። ሕፃናት የመጾም ግዴታ ባይኖርባቸውም፣ በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ከቤቱ ሲርቁ ከልጁም ይርቃሉ።

ይህን ችግር ለመቋቋም በ1962 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የሕፃናት ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ1968ም ወደ ኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት አደገ። ከጥረቱ ፍሬዎች ዋናው ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት፣ ቅባቱ ከወጣለት የወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከቪታሚንና ከማዕድን የተዘጋጀው «ፋፋ» ነው። ስሙ ራሱ የእናት ምኞት ነው። በድርቅ ዘመንም ለተራቡ ሕፃናት ታድሏል። ነገር ግን ዱቄቱ በገንዘብ የሚገዛ በመሆኑ፣ ከማሳው የሚበላው ገበሬ ዘወትር ሊያገኘው አልቻለም።

ፋፋ የተመሠረተበት ዘዴ ግን ከፋብሪካው ውጭም ይሠራል። እህል የሚጎድለውን ላይሲን ጥራጥሬ ያሟላል፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜታይኦኒን ደግሞ እህል ይተካል። ሦስት እጅ እህልና አንድ እጅ ጥራጥሬ ታምሶ ቢፈጭ ጥሩ የልጅ ምጥን ይሆናል። ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅልም በወፍራም ገንፎ ላይ በጥቂቱ ተጨምሮ ቢበስል ያቀጥነዋል፤ ስለዚህ ውኃ ሳይበዛ ብዙ ዱቄት ለመመገብ ያስችላል። ሆኖም ምጥን ብቻውን ብረትና ዚንክ በበቂ ስለማይሰጥ፣ እንቁላል፣ ሥጋና አትክልት ሊታከሉበት ይገባል።

ስያሜውም ከዕውቀቱ ጋር ተለውጧል። ቀድሞ «ጡት ማስጣያ» ይባል የነበረው ዛሬ «ተጨማሪ ምግብ» ይባላል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2001 እ.ኤ.አ. ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ምግብ እየተጨመረለት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱን እንዲቀጥል መክሯል። ምግቡ የሚሰጠው በጡት ላይ እንጂ በጡት ምትክ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የሙያ ባልደረቦቻችን የሚቀስሙት ትምህርት ግልጽ ነው። እናትን በማሸጊያ ያለ ዱቄት ግዢ ከማለታችን በፊት፣ በጎተራዋ ምን እንዳለ እንጠይቃት።