የሃምሳ አንድ በመቶ ነገር

ምርጫ በመጣ ቁጥር ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ማን አሸነፈ?» ይህች ከተመለሰች ሬዲዮኑን ዘግተን ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። እኔን ግን ሁሌም የሚከነክነኝ የተሸናፊው ነገር ነው። እሱስ ምን ቀረው? ምክር ቤት ገብቶ ምን መናገር፣ ምን ማስነሣት ይችላል? የአገራችንን የፓርላማ ታሪክ በዚህች በሁለተኛዋ ጥያቄ በኩል ያየ ሰው መልኩ ትንሽ ይለወጥበታል።

እስቲ ከሥሩ እንነሣ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። ሕዝቡ ግን ራሱ ለመምረጥ ገና አልደረሰም ተባለና፣ እስኪደርስ ድረስ የሕግ መምሪያውን አባላት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡለት ተደነገገ። «ደርሷል» ተብሎ ድምጽ የሰጠው የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ያኔ ነው። ይሁን እንጂ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም በየግሉ ተወዳድሮ በየግሉ ገባ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ስለነበሩ፣ እንደራሴዎቹ የቱንም ያህል ቢከራከሩ ድምጻቸው መንግሥት አይሾምም፣ አይሽርም። አብላጫ ድምጽ ነበረ፤ ባለቤት ግን አልነበረውም።

ደርግ ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ሲመረጡ በአገሩ የነበረው ሕጋዊ ፓርቲ ኢሠፓ ብቻ ነበር። አብላጫው ባለቤት አገኘ፤ የጠፋው ተሸናፊው ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብዙ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል አለ። በወረቀት ደረጃ ትልቅ ለውጥ ነው። አመራረጡ ደግሞ በአንድ የምርጫ ክልል ከሁሉም የበለጠ ድምጽ ያገኘ ብቻ የሚያልፍበት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከአሥር ሺሕ መራጭ አንዱ 4,000፣ ሌላው 3,500፣ ሦስተኛው 2,500 ቢያገኙ ወንበሩ ባለ 4,000ው ነው። የቀሩት ስድስት ሺሕ ሰዎች ድምጽ ወንበር ላይ ሲደርስ የለም። ይህ በየክልሉ ሲደጋገም በድምጽ ጠበብ ያለው ብልጫ በወንበር ተራራ ያክላል። ሆኖም በ1987ቱ ምርጫ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ስላልተሳተፉ፣ በ1992ቱም ኢሕአዴግ በሰፊው ስላሸነፈ፣ ነገሩ በእውነት ሳይፈተን ቆየ።

የተፈተነው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን እኔም እንደ ብዙው ሰው ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ሽማግሌዎች በርጩማ ይዘው መጥተው ነበር፤ ከኋላዬ ወጣቶች በቴሌቪዥን ያዩትን የፓርቲዎች ክርክር ይደግሙታል። ውጤቱ ሲመጣ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ጠቅልሎ ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን። በአገር አቀፍ ደረጃ የምርጫ ቦርዱ የመጨረሻ ቆጠራ ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 ሰጠ። ተቃዋሚዎቹ ቆጠራውን አልተቀበሉትም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 የፈሰሰውን ደም ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 የጸጥታ ኃይል አባላት መሞታቸውን መዝግቧል።

በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል ብዙ ሰው ልብ ያላላት አንዲት ነገር አለች። ተሰናባቹ ምክር ቤት ወንበሩን ከመልቀቁ በፊት የአሠራር ደንቡን ለወጠ። ቀድሞ 20 አባላት ከተስማሙ አንድ ጉዳይ አጀንዳ ሆኖ መቅረብ ይችል ነበር። በአዲሱ ደንብ ግን የሃምሳ አንድ በመቶ ድጋፍ አስፈለገ። እንግዲህ አስቡት፤ ተቃዋሚዎቹ በቦርዱ ቆጠራ እንኳን ከ547 መቀመጫዎች ከ170 በላይ አግኝተዋል። ሲሶ ያህል መሆኑ ነው። በአሮጌው ደንብ በየሳምንቱ አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር። በአዲሱ ሁሉም ተደምረው አንዲት ጉዳይ ማስነሣት አይችሉም። ምክር ቤት እንግባ፣ አንግባ በሚለው ክርክር ውስጥ ይህም ተነሥቷል። አፍህ በሚዘጋበት ቤት ወንበር ቢሰጡህ ምን ያደርግልሃል?

የእኛን ዓይነት አመራረጥ የሚጠቀሙ ሌሎች አገሮች አሉ። በእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት ደንብ በየጉባኤ ዘመኑ 20 ቀን አጀንዳውን ተቃዋሚዎች እንዲመርጡ ይሰጣቸዋል። በሕንድ ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ቫጅፓዪ በመተማመኛ ድምጽ 269 ለ270 ተሸነፉ። በአንዲት ድምጽ! ተሸነፉ፣ ምርጫ ተጠራ፣ በዚያው ዓመት አሸንፈው ተመለሱ። መሸነፍ የዓለም መጨረሻ ካልሆነ ማሸነፍም የሞት ሽረት ጉዳይ አይሆንም።

ወደ እኛው እንመለስ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ። ከአምስት ዓመት በፊት ሁሉንም ወንበር ለቅንጅት የሰጠችው አዲስ አበባ አሁን 22ቱን ለኢሕአዴግ ሰጠች። በመካከሉ ብዙ ነገር ሆኗል፤ መሪዎች ታስረዋል፣ ቅንጅትም ፈርሷል። የአመራረጡ ስልት ግን የራሱን አግዟል። በ2007 ደግሞ ጭራሽ 547ቱም ተጠቃለለ። መቶ በመቶ!

ታዲያ ይህ ሙሉ ምክር ቤት መንግሥትን ጠበቀው? አልጠበቀውም። ምርጫው ስድስት ወር ሳይሞላው፣ በኅዳር 2008 ተቃውሞው በኦሮሚያ ፈነዳ፤ ወደ አማራ ክልልም ዘለቀ። በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ፣ ሁለተኛ አዋጅም መጣ። አዋጁ ሲጸድቅ፣ አንድም ተቃዋሚ ባልተመረጠበት ምክር ቤት 88 አባላት ተቃወሙ። የደጋፊዎቹ ቁጥር መጀመሪያ 346 ተባለ፤ ይህ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ በታች ነው። ቆይቶ 395 ነው ተብሎ ታረመ። ከበር የተመለሰው ተቃውሞ በመስኮት ገባ፣ ያውም ከገዛ ቤተሰቡ። በ2013ም ብልጽግና ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ወስዷል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። አምስት መቶ አርባ ሰባት ወንበርስ ለአንድ ሰው ምኑ ይሆን? መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም፤ በየሰፈራችን ያለው እድር ያውቀዋል። መዋጮ ይጨመር አይጨመር ተብሎ ድምጽ ይሰጣል፣ የብዙው ሐሳብ ያልፋል። የተሸነፈው ጎረቤት አኩርፎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ ይጠራል፣ ሲናገር ይደመጣል፣ ሐዘን ሲደርስበትም ድንኳኑ ይተከልለታል። የሚቀጥለውን ምርጫ ውጤት ስንሰማ «ማን አሸነፈ?» ብለን ካበቃን በኋላ፣ እባካችሁ ሬዲዮኑን ከመዝጋታችን በፊት አንዲት ጥያቄ እንጨምር፤ አጀንዳ ለማስያዝ ስንት ሰው ያስፈልጋል?