የአያቴ ሸክላ ማጫወቻ

የአያቴን ሸክላ ማጫወቻ ሰሞኑን ጠግኜ ጨረስኩ። ሞተሩ ደህና ነው፤ የላላውን ላስቲክና ያለቀውን መርፌ ቀየርኩ። የሰፈር አናጺ ከዋንዛ የሠራውን ሳጥን ግን «አውልቀህ ጣለው» ቢሉኝም እሺ አላልኩም። ማሽኑ የፈረንጅ ነው፤ የኛ እጅ ያረፈው ሳጥኑ ላይ ነዋ!

ሙዚቃውም እንደዚሁ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ከፈተ። የነዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን እዚህ ቀርፆ፣ ውጭ አሳትሞ አመጣ። በ1975 እስኪሰደድ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ፕላስቲኩ የውጭ፣ ድምፁ የኛ።

እቤታችሁ ሸክላ ካለ ለቆራሌው አትስጡ። ደራርባችሁም አታስቀምጡት፣ ይጣመማል፤ እንደ መጽሐፍ አቁሙት።